ቡና፣ ቅቤና ሎሚ የነካው የእብነ በረድ ጠረጴዛ

ጥያቄው ከጅማ የመጣ ነው፤ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ሳሎን ውስጥ ግራጫ ጅማት ያለው ነጭ የእብነ በረድ ጠረጴዛ አለ፤ ቡና የሚቀርበው እሱ ላይ ነው። የሲኒ ቀለበቶች ቡናማ ሆነው ቀርተውበታል። አንድ ጥግ ላይ ቅቤ ፈስሶ ቦታው ጠቁሯል። ቀለበቱን ለማስለቀቅ መጀመሪያ ሎሚ በጨው፣ ቀጥሎ በረኪና ተሞክሮ ቡናማው ሳይለቅ ዙሪያው ፈዘዘ። ላዩም በሙሉ ከዓመት ዓመት ወደ ቢጫ እያደላ ነው። «ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚያስለቅቅ ምን አለ?»

ባንድ ጊዜ የሚያስለቅቅ የለም፤ ምክንያቱም ችግሩ አንድ አይደለም። ቡናውና ቅቤው ድንጋዩ ውስጥ የገቡ ባዕድ ነገሮች ናቸው፤ ተስበው ይወጣሉ። የፈዘዘው ቦታ ግን እድፍ አይደለም። እዚያ ድንጋዩ ራሱ ነው የጎደለው፤ የጎደለ ነገር በእጥበት አይመለስም፣ መመለሻው መወልወል ብቻ ነው። ቢጫው ደግሞ ቢያንስ ከሦስት ምክንያቶች ካንዱ ሊመጣ ስለሚችል መጀመሪያ መለየት አለበት። የእብነ በረድ ዕቃ አብዛኛው ጉዳት የሚደርስበት በእድፉ ሳይሆን እድፉን ለማስለቀቅ በሚደረገው ነገር ነው፤ የእርስዎም ጠረጴዛ ላይ ከሁሉ የሚያስቸግረው የሎሚው ቦታ ነው።

እብነ በረድ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። አሲድ ሲነካው ይሟሟል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም አረፋ ሆኖ ይወጣል። ሎሚ ሲትሪክ አሲድ አለው፤ አቼቶ አሴቲክ አሲድ ነው፤ ብርቱካን፣ ቲማቲም፣ ጠጅ፣ ለስላሳ መጠጥና የሽንት ቤት ማጽጃም በያቅማቸው ያንኑ ይሠራሉ። የተወለወለ ድንጋይ የሚያብለጨልጨው ላዩ እጅግ ለስላሳ ስለሆነ ብርሃንን በቀጥታ ስለሚመልስ ነው። አሲዱ ያን ለስላሳ ገጽ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያሻክረዋል፣ ወዙም ይጠፋል። በጨው ሲታሽ ደግሞ ጭረት ይጨመርበታል። ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚወጣው ዳለቲም ሆነ ከጣሊያን የሚመጣው ካራራ በዚህ ረገድ አይለያዩም፤ ሁለቱንም ሎሚ ይበላቸዋል።

ስለ በረኪናው አንድ ነገር ልጨምር። ሎሚው በደንብ ሳይታጠብ በረኪና ከተከተለ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙ ሳንባን ይጎዳል። በረኪና ከአሞንያም ሆነ ከአሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ ካለው ፈሳሽ) ጋር መገናኘት የለበትም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ከመጀመርዎ በፊት ጠረጴዛውን በንጹህ ውሃ ሦስት ጊዜ አጥበው፣ በጨርቅ አድርቀው አንድ ቀን ያሳድሩት። በረኪና ሲደርቅ ድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ጨው ይተዋል፤ ውሃው የሚያስፈልገው ለዚያም ነው።

ቀጥሎ ድንጋዩ እውነት እብነ በረድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ሁሉም «ማርብል» ተብሎ ይሸጣልና። ከስር፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ በቢላ ጫፍ ትንሽ ይጫሩ። ከተጫረና ጭረቱ ላይ የተንጠባጠበ ሎሚ ጥቃቅን አረፋ ካወጣ እብነ በረድ ወይም የእሱ ዘመድ ነው። ቢላው ምንም ካላደረገው ግራናይት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የአሲዱ ጉዳይ ብዙም አያሳስብም። አሴቶን የነካ ጥጥ ከስሩ ለአንድ ደቂቃ ሲቀመጥ የሚለሰልስ ወይም የሚጣበቅ ከሆነ ደግሞ ከሬዚን (ከፕላስቲክ መሰል ሙጫ) ተሠርቶ በቅርጽ የወጣ አስመስሎ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ምክር ለእሱ አይሆንም፣ አሴቶንም እንዳይነካው።

እድፍንና የተበላን ቦታ ለመለየት ማታ መብራት አጥፍተው የስልክ መብራት ከጎን፣ ከጠረጴዛው ጋር እኩል አድርገው ያብሩበት። የብርሃኑ ነጸብራቅ ሳይቋረጥ እላዩ ላይ ካለፈና ከላይ ሲታይ ቀለም ካለው እድፍ ነው። ነጸብራቁ እዚያ ሲደርስ ከደበዘዘ ተበልቷል። እርስዎ ዘንድ ሁለቱም ተደራርበው ይሆናል፦ መሀሉ ቡናማ፣ ዙሪያው ፈዛዛ።

የሥራው ቅደም ተከተል ቅቤው፣ ቡናው፣ ቢጫው፣ ከዚያ ውልወላው፣ በመጨረሻ ማሸጊያው ነው። ቅቤ የሚቀድመው ዘይት ባለበት ቀዳዳ ውስጥ ውሃነት ያለው መድኃኒት ስለማይገባ ነው። ውልወላ ወደ ኋላ የሚቀረው ደግሞ ለቡናው የሚያገለግለው ፈሳሽ በጥቂቱ አሲድነት ስላለው ትንሽ ወዝ ሊወስድ ስለሚችል ነው፤ ሁለት ጊዜ ከመወልወል አንድ ጊዜ ይሻላል።

ሁለቱም እድፎች የሚወጡት በልጥፍ፣ ማለትም በፈሳሽ ተለውሶ እድፉ ላይ በሚለጠፍ ዱቄት ነው። ፈሳሹ ወደ ውስጥ ገብቶ እድፉን ያሟሟል ወይም ቀለሙን ይሰብራል፤ ከዚያ ላዩ ላይ ያለው ዱቄት እየደረቀ ሲሄድ ፈሳሹን ከነእድፉ ወደ ራሱ ይስባል። ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ልጥፉ እርጥብ እያለ ያነሱትና «አልሠራም» ይላሉ። የሚስበው ሲደርቅ ነው።

ለዱቄቱ ካኦሊን (የተጣራ ነጭ የሸክላ ዱቄት) ወይም ሽታ የሌለው ታልክ ይሁን። የሕፃናት ፓውደር ከመጠቀምዎ በፊት ጀርባውን ያንብቡ፤ አንዳንዱ የበቆሎ ስታርች ስለሆነ ይሙለጨለጫል። ሁለቱንም ካጡ ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል። ጀሶ አይሁን፤ ደርቆ ድንጋዩ ላይ ይጠነክራል፣ ሲፋቅም ይጭራል። ከደጅ የተቆፈረ ነጭ አፈርም አይሁን፤ የጅማ አካባቢ አፈር ብረት የበዛበት ስለሆነ፣ ነጭ የመሰለው እንኳ በእርጥበት ዝገታማ ቀለም ሊተው ይችላል።

ለቅቤው፦ መዳፍ የሚያህል ቦታ ከሆነ 9 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በብርጭቆ ወይም በሸክላ ሳህን ያድርጉና አሴቶን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ በእንጨት ያማስሉ፤ ከ4 እስከ 5 ማንኪያ ይወስዳል። እንደ ወፍራም ገንፎ ሆኖ ከማንኪያው ላይ የማይወርድ ሲሆን ደርሷል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ብዙ ጊዜ ቀለምና ዘይት የተጨመረበት ስለሆነ ንጹህ አሴቶን ይፈልጉ። ድንጋዩ ደረቅ መሆን አለበት። ከ7 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት አድርገው፣ ከጠቆረው ቦታ ዙሪያውን 2 ሴንቲ ሜትር አሳልፈው ይለጥፉ፤ ወዲያው በስስ ላስቲክ ሸፍነው ዳሩን በማስኪንግ ቴፕ ያሽጉ። አሴቶን በፍጥነት ይተናል፤ ሳይሸፈን አምስት ደቂቃ ከቆየ ሥራው ሳይጀመር አልቋል።

አሴቶን ከሩቅ እሳት ይስባል። ከሰል በተያያዘበት፣ እጣን በሚጨስበት ወይም የጋዝ ምድጃ በበራበት ክፍል ውስጥ ጣሳው እንኳ አይከፈት። መስኮት ተከፍቶ፣ ጓንት ተደርጎ ይሁን። ቡና የሚፈላበት ቤት ነውና ይህ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም።

ከ24 ሰዓት በኋላ ላስቲኩን አንስተው ልጥፉ ራሱ እስኪደርቅ ይተዉት፤ ከዚያ በፕላስቲክ ካርድ ያንሱት። ቅቤ ከወጣ ዱቄቱ ቅባት ቅባት ይላል። ዘይት ድንጋዩን የሚያጠቁረው ቀለም ስላለው ሳይሆን ቀዳዳውን ሞልቶ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ነው፤ ስለዚህ ከፊሉ ሲወጣ ጥላው ደብዝዞ ይታያል እንጂ ባንዴ አይጠፋም። ሦስት፣ አራት ጊዜ መድገም የተለመደ ነው። የቆየ ቅቤ አየር እያገኘ ሲጠጥር ደግሞ ቢጫ ይሆናል፤ እሱን አሴቶን ብቻ ላይጨርሰው ይችላል፣ የቀረው ቢጫ ከቡናው ጋር አብሮ ይታከማል።

ለቡናው፦ እዚህ የሚሠራው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። ፋርማሲ ውስጥ በብዛት የሚገኘው 3 በመቶ የሆነው ለቁስል ነው፤ ለአሮጌ የቡና እድፍ ይደክማል። ፀጉር ቤቶች ከቀለም ጋር የሚጠቀሙበት 20 ቮልዩም የሚባለው 6 በመቶ፣ 40 ቮልዩም የሚባለው 12 በመቶ ነው። ለነጭ ድንጋይ 12 በመቶው የተሻለ ነው፤ ግን ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ እንዳይረጭ። ክሬም የሆነውን ይተዉት፤ ቅባት አለበት፣ አሁን ያወጡትን ቅባት መልሶ ያስገባል። ፐርኦክሳይድ በብርሃንና በሙቀት ስለሚበላሽ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሞቶ የቆየ አይግዙ፤ መሞከሪያው ቀላል ነው፣ የተቆረጠ ጥሬ ድንች ላይ ጠብ ሲደረግ ወዲያው ካልፈላ ውሃ ሆኗል።

ለሲኒ ቀለበት ዱቄትም ላያስፈልግ ይችላል። ቀለምና ጽሑፍ የሌለበት ነጭ ሶፍት ከስድስት እስከ ስምንት ድርብ አጥፈው ፐርኦክሳይድ ያጠጡትና ቀለበቱን አልብሰው ከስሩ አየር እንዳይቀር ይጫኑት። ለሰፊ ቦታ በዱቄቱ ይሻላል፦ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው እድፍ 5 ማንኪያ ታልክና ከ2 ተኩል እስከ 3 ማንኪያ ፐርኦክሳይድ። እዚህ ላይ፣ ከአሴቶኑ በተቃራኒ፣ መጀመሪያ ድንጋዩን በንጹህ ውሃ ያርጥቡት፤ ፈሳሹ ወደ ውስጥ እንዲከተል መንገድ ይከፍትለታል። በላስቲክ ሸፍነው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ያቆዩት፣ ከዚያ ገልጠው ያድርቁት። አንዳንድ ባለሙያ ጥቂት ጠብታ አሞንያ ይጨምርበታል፤ ይረዳል፣ ግን እርስዎ በረኪና ስለተጠቀሙ ይቅርብዎ። አሴቶንና ፐርኦክሳይድም ባንድ ሳህን ውስጥ ፈጽሞ አይደባለቁ፤ አደገኛ ነው። የአሴቶኑ ሥራ ካለቀ በኋላ ቢያንስ ሁለት ቀን ይለፍ፣ ሳህንና ማንኪያውም የተለየ ይሁን።

በጅማ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት አየሩ በእርጥበት የተሞላ ስለሆነ በበጋ በአንድ ቀን የሚደርቅ ልጥፍ ሁለትና ሦስት ቀን ሊፈልግ ይችላል። ምድጃ ማስጠጋት ወይም የፀጉር ማድረቂያ መንፋት አይረዳም፤ ላዩ ብቻ ደርቆ ቅርፊት ይሠራል፣ ከስር ያለው ፈሳሽ መውጫ ያጣል። ከተቻለ ይህን ሥራ ከኅዳር በኋላ ቢጀምሩት ይቀልልዎታል።

ለማለቅለቂያ የተጣራ ውሃ ጥሩ ነው፤ ነዳጅ ማደያና የመኪና ዕቃ ሱቅ ለባትሪ ይሸጠዋል። ግን ስሙን ጠርተው፣ ክዳኑን አይተው ይግዙ፦ የባትሪ አሲድም እዚያው፣ በተመሳሳይ ጄሪካን ይሸጣል፤ እሱ ጠረጴዛዎ ላይ ቢፈስ ከሎሚው መቶ እጥፍ ይብሳል። ካጠቡ በኋላ ውጤቱን ወዲያው አይፍረዱ። እርጥብ እብነ በረድ ሁልጊዜ ጠቆር ይላል፤ አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅና ይዩት።

ወደ ቢጫው እንምጣ። ከጠርዙ በታች፣ ከዓይን ገለል ባለ ቦታ፣ አሴቶን ባጠጡት ነጭ ጥጥ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ጠንከር አድርገው ይጥረጉ። ጥጡ ቢጫ ከሆነና ድንጋዩ ከነጣ ችግሩ ላዩ ላይ የተቀባ ነገር ነው፦ የወለል ሰም፣ ቫርኒሽ፣ ወይም «እንዲያበራ» ተብሎ የታሸ የምግብ ዘይት። ይህ ከሁሉ የሚሻለው ውጤት ነው፤ ጠረጴዛውን በሙሉ በአሴቶን ወይም በቲነር፣ ትንሽ በትንሽ፣ ጥጡን ቶሎ ቶሎ እየለወጡ ማስለቀቅ ይቻላል። በነጭ ጋዝ አይጥረጉት፤ እሱ ራሱ ቅባት ይተዋል። ጥጡ ቀይ ቡናማ አቧራ ካነሳ የአፈር ክምችት ነው፤ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ (ለ2 ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ) ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል፣ ግን መጀመሪያ አቧራው በውሃ ይነሳ፤ ደረቅ ሳለ ከታሸ ይጭራል። ጥጡ ንጹህ ሆኖ ድንጋዩ ቢጫ ከቀረ ግን ቢጫው ከውስጥ ነው። ብዙ ነጭ እብነ በረድ በተፈጥሮው ጥቂት ብረት አለው፤ ውሃና አየር እየገቡበት ይዝጋል። በረኪናና ፐርኦክሳይድ ይህን ያባብሱታል እንጂ አያነጹትም። ለዚህኛው የቤት መድኃኒት የለም፤ ከዚህ በኋላ ብዙ ውሃ አያሳልፉበት፣ በቀረው ይቀበሉት።

የቢጫው ቦታ ቅርጽ ካለው፣ ለምሳሌ የቆርቆሮ ጣሳ ታች ወይም የብረት እግሩ ብሎን ካለበት ትይዩ ከሆነ፣ የውጭ ዝገት ነው። ሱቅ የሚሸጠው የዝገት ማስለቀቂያ አብዛኛው አሲድ ስለሆነ እብነ በረድ ላይ አይደረግ። የሚፈለገው «አሲድ የሌለው» የሚል፣ ብረት ሲነካ ወደ ሐምራዊ የሚለወጠው ዓይነት ነው፤ የመኪና ጎማ ቸርኬ ለማጽዳት የሚሸጠው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ከሶፍት ጋር ለ20 ደቂቃ ይለጥፉ፣ ሐምራዊው ሳይደርቅ በብዙ ውሃ ያጥቡ። ሽታው ይከብዳል። የእግሩን ብሎን ካላስተካከሉ ግን ዝገቱ ይመለሳል፤ በብረቱና በድንጋዩ መሀል ጎማ ይግባበት።

አሁን ሎሚው የበላው ቦታ። ጥፍርዎን በላዩ ያንሸራትቱ። ጥፍሩ ካልያዘው የማርብል መወልወያ ዱቄት ብቻ ይበቃል፤ የቆርቆሮ ኦክሳይድ ወይም የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ነው፤ ድንጋይ ቆራጮች ዘንድ ይጠይቁ። ኦክዛሊክ አሲድ ያለበትም አለ፤ ፈጣን ነው፣ ግን መርዛማ ስለሆነ ጓንት ያድርጉ፣ ልጆች ባሉበት አይቀመጥ። አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርገው በወፍራም ፌልት ወይም በታጠፈ የጥጥ ጨርቅ፣ እየተጫኑ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያሹት። ሲደርቅ ውሃ ጠብ ያድርጉ። መድረቅ ሲጀምርና ጨርቁ መጎተት ሲጀምር ነው ወዙ የሚወጣው፤ ስለዚህ ውሃውን አያብዙ።

ጥፍር ከያዘው፣ ወይም የጨው ጭረት ከታየ፣ በውሃ የሚሠራ የብርጭቆ ወረቀት ያስፈልጋል፦ 600፣ 800፣ 1200፣ 2000፣ 3000፣ ከዚያ ዱቄቱ። ጥልቅ ከሆነ ከ400 ይጀመራል። አንዱም አይዘለል፤ የ600 ጭረት በ2000 አይጠፋም፣ የሚያበራ ጭረት ይሆናል እንጂ። ወረቀቱን ጠፍጣፋ ጎማ ወይም እንጨት ላይ ጠቅልለው ይያዙ፤ በጣት ጫፍ ከታሸ ጉድጓድ ይሠራል፣ ጉድጓዱም ብርሃን ሲያርፍበት ይታያል። በየደረጃው ካለፈው ሦስት ሴንቲ ሜትር ሰፋ ያድርጉ። ቁጥር ሲለውጡ ጠረጴዛውንም እጅዎንም ይታጠቡ፤ አንዲት የ400 ቅንጣት ቀርታ የ1200ን ሥራ ሁሉ ታበላሻለች። ሁልጊዜ በእርጥቡ ይሁን፤ አቧራውም አይነሳም። ግራይንደር ያለው ዘመድ «በአምስት ደቂቃ እጨርስልሃለሁ» ቢል አይስጡት፤ ያልተለማመደ እጅ በማሽን የሚያወጣው ማዕበል ጠረጴዛውን በሙሉ ካላስፈጨ አይጠፋም።

የተወለወለው ቦታ ከቀሪው በላይ ሊያበራ ይችላል። ያ ስሕተት አይደለም፤ ሌላው በዓመታት መጥረግ የደከመ ነው። በዱቄቱ ብቻ ላዩን በሙሉ አንድ ዙር መሄድ ልዩነቱን ያጠፋዋል።

ሌሎቹን ባጭሩ። የቄጠማ አረንጓዴና የእርድ ቢጫ በፐርኦክሳይድ ይወጣሉ፤ እርድ ፀሐይም ያደበዝዘዋል። በርበሬ ቀለሙ በዘይት የሚሟሟ ስለሆነ መጀመሪያ አሴቶን፣ ከቀናት በኋላ ፐርኦክሳይድ። የጀበና ጥቀርሻ በቤኪንግ ሶዳና በውሃ ይለቃል፤ ግን ትኩስ ጀበና ያለ ማቶት ድንጋዩ ላይ ማስቀመጥ ጥቀርሻ ብቻ አይደለም ጉዳቱ፣ ሙቀቱ የድንጋዩን ቅንጣቶች እያላቀቀ ነጭ ደመና የመሰለ ቦታ ይተዋል፤ እሱ አይመለስም።

ሁሉ ካለቀ በኋላ ውሃ ጠብ ያድርጉና 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ከስሩ ካልጠቆረ ድንጋዩ አይመጥም፣ ማሸጊያ አያስፈልገውም። ከጠቆረ ለድንጋይ የተሠራ፣ ወደ ውስጥ የሚገባ ማሸጊያ (ሲለር) ይቀቡት። በበጋ ሦስት ቀን፣ በክረምት ሳምንት ያህል መድረቅ አለበት፤ እርጥበት ተዘግቶበት ከቀረ ደመና ይሠራል። ቀብተው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ላዩ ላይ ከደረቀ የሚጣበቅ ሽፋን ይሆናል። ማሸጊያው ቡናና ቅቤ ቶሎ እንዳይገቡ ጊዜ ይሰጥዎታል እንጂ ከሎሚ አያድንም፤ አሲድ የሚበላው ላዩን ነው። ስለዚህ ሲኒው ከረከቦቱ አይውረድ።

ጉዳቱ ከዚህ በላይ ሆኖ ወደ ድንጋይ ቤት ለመውሰድ ከወሰኑ፣ ወይም 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ የሚሄድ ከሆነ፣ ላዩን ከእግሩ ያላቅቁት። 1 ሜትር በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እብነ በረድ 32 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ሁለት ሰው ይያዘው፣ እንደ በር በጠርዙ አቁሞ። መኪና ላይም በጠርዙ ቆሞ፣ በፍራሽ ተደግፎ፣ ታስሮ ይጫን። ተኝቶ የተጫነ ድንጋይ በመጀመሪያው ጉድጓድ መሀሉ ላይ ይሰበራል፤ ብዙ ጊዜም የሚሰበረው ግራጫው ጅማት በሚያልፍበት ነው።